ከገላን የተነሳ ጥያቄ፦ የቢሮ ኮምፒውተር ዲፎልት ዶሜይን ምን ተብሎ ይሞላ?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የጀመረው ገላን አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን የአይቲ ሥራ የተረከበ ልጅ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ የዊንዶውስ ሰርቨሩን ሲያቆም «ዶሜይን» በሚለው ሳጥን ውስጥ የመጣለትን ስም ሞልቶ ሄዷል። ስሙ በዶት ኮም ያልቃል። ድርጅቱ ግን ያን ስም ገዝቶ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሠራተኛው «ፋይል» ብሎ ሲጽፍ የጋራ ፎልደሩ ይከፈታል፤ «ሂሳብ» ሲል የሂሳብ ፕሮግራሙ ይመጣል። ችግሩ የታየው ሂሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፑን ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ቤቷ ስትወስድ ነው። ያንኑ አጭር ስም ስትጽፍ አይታው የማታውቀው ገጽ ተከፈተና ፓስወርድ ጠየቃት። እሷም ምንም ሳትሞላ ዘግታ ደወለችለት። ልጁ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ይሄ አደጋ ነው ወይ? እዚያ ሳጥን ውስጥስ ምን ቢጻፍ ይሻላል?

ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ረዝሟል፤ መሀል ላይም ሌላ ወሬ ገብቶበታል። እንዲያም ሆኖ ሰርቨር የሚያቆም ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለው ከነቅደም ተከተሉ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 የመጣው ከለገጣፎ ነው። ጸሐፊው ኔትወርክ በመዘርጋት የሚተዳደር ሰው ይመስላል፤ በትህትና ከሥሩ ጀመረ። ኮምፒውተር ነጥብ የሌለው አጭር ስም ሲሰጠው ዲፎልት ዶሜይኑን፣ ማለትም ሳጥኑ ውስጥ የተሞላውን ስም፣ ከኋላው ይቀጥልበታል። ከዚያ ሙሉ ስም አድርጎ ዲኤንኤሱን፣ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት፣ ይጠይቃል። ቢሮ ውስጥ የሚመልሰው የቢሮው ሰርቨር ነው። ቤት ሲኬድ ያ ሰርቨር የለም። ጥያቄው በቤቱ ዋይፋይ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሚመልሰውም ስሙን ያስመዘገበው ሰው ነው። ምሳሌ ያደረገው ኮዬ ፈጬን ነው። ለታክሲ ሹፌር «ብሎክ 30» ብቻ ብትለው ሳይቱን ከራሱ ይጨምርና የሌላ ሰው በር ላይ ሄዶ ይቆማል።

ምላሽ 2 አጭር ነው፤ የሚሠራን ነገር አትነካካ የሚል። ምላሽ 3 ይህንኑ ደግፎ ላፕቶፕ ከግቢ እንዳይወጣ መከልከል ይበቃል አለ። ይሄን ምክር ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውም። ላፕቶፕ የሚገዛው ይዞ ለመንቀሳቀስ ነው። ደግሞም ማሽኑ ከግቢ ባይወጣም ጥያቄው ሊወጣ ይችላል። ብዙ ቢሮ ውስጥ ሁለተኛው ዲኤንኤስ ተብሎ የሚሞላው የውጭ አድራሻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ቶሎ ይነሳል፤ ሰርቨሩ ይዘገያል። በዚያች ክፍተት እያንዳንዱ ኮምፒውተር የውስጥ ስሞችን ለውጭ ሰው እየዘረዘረ ይጠይቃል። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ በሚመላለስበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን ወደ ቁም ነገር የመለሰው ምላሽ 4 ነው። የኮርፕ ዶት ኮምን ታሪክ አመጣ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (ዊንዶውስ ሰርቨር የቢሮ ኮምፒውተሮችንና ተጠቃሚዎችን የሚያስተዳድርበት ሥርዓት) ሲጀመር፣ በዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ዘመን፣ ማይክሮሶፍት በምሳሌነት የሚያቀርበው ስም «ኮርፕ» ነበር። ብዙ ድርጅት እንዳለ ተቀበለው። ኮርፕ ዶት ኮምን ግን ከ1994 ጀምሮ ይዞት የኖረው አንድ ግለሰብ ነው። በ2019 ተመራማሪዎች ወደዚያ ስም የሚመጣውን ጥያቄ ሲመለከቱ፣ ከ375 ሺህ በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሊደርሰው የማይገባ መረጃ ሊልኩለት ሲሞክሩ አገኙ። ከቢሮ የወጡ ላፕቶፖች የውስጥ ሰርቨራቸውን እየፈለጉ ነበር። በ2020 መጀመሪያ ባለቤቱ በ1.7 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ አቀረበው። ብዙም ሳይቆይ ማይክሮሶፍት ራሱ ገዛው። ክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ መሆኑ ነው። የምላሹ ጸሐፊ ነጥብ ግልጽ ነው፦ ኮርፕን የሚገዛለት ማይክሮሶፍት አለ፤ የገላኑን መጋዘን ስም ማን ይገዛለታል?

ምላሽ 5 ገላን ያለን መጋዘን ብሎ የሚያጠቃ ሰው የለም አለ። ምላሽ 6 እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። አጥቂው ገላንን ማወቅ አያስፈልገውም፤ በር የሚያንኳኳው ኮምፒውተራችሁ ራሱ ነው ሲል መለሰ። ዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ሲፈልግ ሠራተኛው ምንም ሳይነካ የተጠቃሚውን ስምና ከፓስወርዱ የተሠራ ማረጋገጫ አብሮ ይሰጣል። የተቀበለው ሰው ያን ይዞ ቁጭ ብሎ ፓስወርዱን መገመት ይችላል። ቃላቱ ትንሽ ጠንከር ያሉ ነበሩ፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

ከዚያ ምላሽ 7 መጣ። የራሱ ድርጅት የሚጠቀምበትን ስም ፈትሾ ማንም እንዳላስመዘገበው አረጋግጧል። ስለዚህ ጥያቄው ቢወጣም «የለም» ተብሎ ይመለሳል ባይ ነው። ምላሽ 8 ሁለት ነገር አስታወሰው። አንደኛ፣ ዛሬ ያልተያዘ ስም ነገ ጠዋት በአስር ምናምን ዶላር ይያዛል። ሁለተኛ፣ ያልተያዘ ስም ሁሉ «የለም» የሚል መልስ የሚያገኝበት ዋስትና የለም። በመስከረም 2003 የዶት ኮምና የዶት ኔት አስተዳዳሪ የሆነው ቬሪሳይን፣ ያልተመዘገበ ስም በተጠየቀ ቁጥር ወደ ራሱ ገጽ መምራት ጀምሮ ነበር። የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው አይካን ተቆጥቶ ያስቆመው በሳምንታት ውስጥ ነው። ምላሽ 7ን የጻፈው ሰው ኋላ ተመልሶ አመሰገነ፤ ያንን ስም በዚያው ቀን አስመዘገበው። ስሙ ያልተያዘ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም።

ምላሽ 9 ነገሩን የሚጨርስ መስሎት ዶት ሎካል አድርጉት፣ አለቀ አለ። አላለቀም። ምላሽ 10ን የጻፈችው ሰበታ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች የምትይዝ እህት ናት። ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ማክም ዊንዶውስም አለ። ዶት ሎካል በ2013 በወጣው አርኤፍሲ 6762 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍበት ሰነድ ነው) ለኤምዲኤንኤስ፣ ያለ ሰርቨር እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ስም ለሚፈለግበት ዘዴ፣ የተሰጠ ስም መሆኑን አስረዳች። ማኩም ፕሪንተሩም በዶት ሎካል የሚያልቅ ስም ሲያዩ ሰርቨሩን ትተው እዚያው ክፍል ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች ጮኸው ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ ያውቀዋል፤ ማኩ ግን አይጠይቀውም። አንዱ ክፍል የሚያየውን ፕሪንተር ሌላው ክፍል የሚያጣው ለዚህ ነው። ሲቸግራቸው ገመድ ሲቀይሩ፣ ስዊች ሲቀይሩ ከርመዋል።

ምላሽ 11 ከቡራዩ ነው፤ ጸሐፊው በዕድሜ ከፍ ያሉ ናቸው። ተቆጡ። ዶት ሎካል ሥልጠና ላይ የተማሩት ነገር ነው። የማይክሮሶፍት ስሞል ቢዝነስ ሰርቨር ራሱ ያንን ስም ያቀርብ እንደነበር ጠቅሰው፣ ትናንት የጀመሩ ልጆች ሊያርሟቸው እንደማይገባ ጻፉ። ምላሽ 12 ጋሼ ብሎ ጀምሮ በአክብሮት አረጋጋቸው። ሥልጠናው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን ተቀይሯል። ሌላም ምክንያት ጨመረ። ከኅዳር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የታወቁ የሰርተፍኬት ሰጪዎች (ሰርተፍኬት ገጹ እውነተኛው መሆኑን ለብሮውዘር የሚያረጋግጥ ነው) ለእንዲህ ዓይነት የውስጥ ስም ሰርተፍኬት አይሰጡም። ስለዚህ ዶት ሎካል ላይ የተሠራ የሂሳብ ገጽ ብሮውዘሩ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት ይለምዳል። የለመደ ሠራተኛ ደግሞ እውነተኛው አደጋ ሲመጣም እንደዚያው ያልፋል። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ከተባሉት ሁሉ ደጋግሜ ያሰብኩበት ይሄን ነው።

ምላሽ 13 በጣም የቆየ፣ ለእኛ ግን ዛሬም የሚሠራ ነገር ይዞ መጣ። በጥቅምት 1993 የወጣ አርኤፍሲ 1535 የሚባል ሰነድ አለ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች ስም ሲፈልጉ ዲፎልት ዶሜይናቸውን ከፊት ከፊቱ እየቆረጡ ይሞክሩ ነበር። በዶት ኮም ስር ያለ ኮምፒውተር በዶት ኢዱ የሚያልቅ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ሲጠይቅ፣ ቁረጣው መጨረሻ ላይ ከአድራሻው ኋላ ዶት ኮም ለጥፎ ኢዱ ዶት ኮም ከሚባል ዶሜይን ስር ይፈልገዋል። አንድ ሰው ኢዱ ዶት ኮምን አስመዘገበ። አንድ መስመር ብቻ ቢጽፍበት፣ ከዶት ኮም ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄደው ግንኙነት ሁሉ እሱ ማሽን ላይ ያርፍ ነበር። ሰነዱ የተጻፈው ይህ እንዳይሆን ነው።

ጸሐፊው ይህን ወደ እኛ አገር አመጣው። የብዙ ድርጅቶቻችን ስም በኮም ዶት ኢቲ፣ በኢዱ ዶት ኢቲ ወይም በጎቭ ዶት ኢቲ ነው የሚያልቀው። አንድ ኮምፒውተር ቢሮ፣ ከዚያ የድርጅቱ ስም፣ ከዚያ ኮም ዶት ኢቲ የሚል ዶሜይን ተሰጥቶታል እንበል። ቢሮን ይቆርጣል፤ አሁንም ድርጅቱ ውስጥ ነው። የድርጅቱን ስም ሲቆርጥ ግን የቀረው ኮም ዶት ኢቲ ብቻ ነው። ከድርጅቱ ወጥቶ በአገሩ ሁሉ የጋራ ስም ላይ ቆመ ማለት ነው። በተለይ ደብሊውፒኤዲ የሚባለው ስም እንዲህ ሲወጣ መጥፎ ነው፤ ብሮውዘሩ በየትኛው ፕሮክሲ (አማላጅ ሰርቨር) በኩል ኢንተርኔት እንደሚወጣ የሚነግረው እሱ ነውና። መልሱን የሰጠ ሰው የቢሮውን የብሮውዘር ትራፊክ በራሱ በኩል ሊያሳልፈው ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ቁረጣ ገደብ የሚያደርግ ማሻሻያ ያወጣው በ2009 ነው።

ምላሽ 14 ሱሉልታ ያለ አንድ ክሊኒክ ዛሬም የሚጠቀምባቸው ሁለት የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽኖች እንዳሉ ተናገረ። የላቦራቶሪው መሣሪያ ከሌላ ዊንዶውስ ጋር አይሠራም። ምላሽ 15 እንዲህ ያለው ማሽን ኢንተርኔት ላይ ጨርሶ መኖር የለበትም አለ። አያይዞም ከሰርቨር 2008 ወዲህ የዊንዶውስ ዲኤንኤስ ሰርቨር ደብሊውፒኤዲን በዲፎልት የሚያግድ ዝርዝር እንዳለው አስታወሰ። የሚያግደው ግን ሰርቨሩ ዘንድ የመጣውን ጥያቄ ነው። ቤት የሄደውን ላፕቶፕ አያድነውም። እዚያ የሚያድነው ፕሮክሲን በራስ ሰር መፈለግ የሚለውን ሴቲንግ ማጥፋት ነው።

ከ16 እስከ 19 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። መንገድ ሲቆፈር የተበጠሰ ፋይበር፣ የዩፒኤስ ባትሪ ዋጋ፣ ያገለገለ ስዊች የሚሸጥ ሰው፣ አያት አካባቢ የሚከራይ ቢሮ። አንድ ሰው ስዊቹን ገዛ መሰለኝ።

ምላሽ 20 የሊኑክስ ሰዎችን አስታወሰ። ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ «ዶሜይን» እና «ሰርች» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይጻፋሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን አይሠሩም፤ ኋላ የተጻፈው ይረታል። ሰው ሁለቱንም ሞልቶ አንዱ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ይውላል። «ኤንዶትስ» የሚባለው ቁጥር በዲፎልት 1 ነው። ይህ ማለት አንድ ነጥብ ያለው ስም መጀመሪያ እንዳለ ይጠየቃል፤ ጭራ የሚቀጠልበት ካልተገኘ በኋላ ነው። ቁጥሩን ከፍ ያደረገ ሰው የውጭ አድራሻዎችን ሳይቀር በቅድሚያ ከራሱ ጭራ ጋር እያያዘ ይጠይቃል። ምላሽ 21 ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ይህን ቁጥር 5 እንደሚያደርገው ጨመረ። ምላሽ 22 በአንድ መስመር ዘዴ ሰጠ፦ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ምንም አይቀጥልበትም። ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው ይቺ ነጥብ ብዙ ጣጣ ታስቀራለች።

ምላሽ 23 ስለ ካፌና ሆቴል ዋይፋይ ጠየቀ። የመለሰለት ምላሽ 24 ነው። ራውተር በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራስ ሰር በሚታደልበት ዘዴ) አይፒ ሲሰጥ በኦፕሽን 15 የዶሜይን ስም አብሮ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ማንነቱን የማታውቀው ዋይፋይ ላፕቶፕህ አጭር ስሞችን የት ሄዶ እንደሚፈልግ ሊወስን ይችላል። ሲስተምዲ ኔትወርክዲ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም በዲፎልት ይህን ስም የማይቀበለው ለዚህ ነው፤ መመሪያውም የሚታመን ኔትወርክ ላይ ብቻ እንዲከፈት ይመክራል። ሌሎች ብዙዎቹ ግን ሳይጠይቁ ይቀበላሉ።

ምላሽ 25 የሶፍትዌር ሠራተኛ ነው። ቡድኑ የሙከራ ገጾቹን ሁሉ በዶት ዴቭ ስም ይሠራ ነበር። ዶት ዴቭ የጉግል መሆኑን ማን ልብ ይላል? በታኅሣሥ 2017 ክሮም 63 ሲወጣ በዶት ዴቭ የሚያልቅ ማንኛውም ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲከፈት ተደረገ። ገጾቻቸው ባንዴ አልከፈት አሉ። ማንም አላጠቃቸውም፤ ስሙ የእነሱ ስላልነበረ ብቻ ባለቤቱ የፈለገውን አደረገ።

ታዲያ ምን ይጻፍ የሚለው በቅጡ የተመለሰው ምላሽ 26 ላይ ነው። ለቤትና ለትንሽ ኔትወርክ ሆም ዶት አርፓ አለ፤ በ2018 በአርኤፍሲ 8375 ለዚሁ የተለየ ነው። ለድርጅት የውስጥ ስም ዶት ኢንተርናል አለ፤ አይካን በሐምሌ 2024 ለውስጥ አገልግሎት ብቻ እንዲሆን፣ ለማንም እንዳይሸጥ ወስኗል። ለሙከራ ዶት ቴስት አለ፤ ከ1999 ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ራስህ ያስመዘገብከው ስም ነው። ያንንም እንዳለ ሳይሆን ከፊቱ «ቢሮ» ወይም «ውስጥ» የመሰለ ክፍል ቀጥሎ መጠቀም። ያኔ ለሕዝብ የተከፈተው ዌብሳይትና የውስጡ ሰርቨር በአንድ ስም አይጣሉም፤ ሰርተፍኬትም ይገኛል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ዶት ኢንተርናል ጥሩ ነው፤ ሰርተፍኬት ግን የለውም።

ምላሽ 27 የራስ ስም ገዝቶ መርሳትም እንዳለ አስጠነቀቀ። የሚያውቀው ድርጅት ስሙን ያስመዘገበው በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ነበር። ሠራተኛው ሥራ ለቀቀ። የማደሻ ማሳሰቢያው እሱ ጋ ሲሄድ ከረመ፤ ስሙ ወደቀ፤ ሌላ ሰው አነሳው። የቢሮው ኮምፒውተሮች ግን ያንኑ ስም ይዘው ቀጠሉ። ስለዚህ ምዝገባው በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን፤ ክፍያውም ሂሳብ ክፍል በሚያውቀው መንገድ ይታደስ። በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል ያስቸገረው ዶት ኢቲን በብር ማስመዝገብ እንደሚችልም ጠቆመ።

ምላሽ 28 ላይ የገላኑ ልጅ ተመለሰ። ስሙ የሌላ ሰው መሆኑን አረጋግጧል፤ ባለቤቱ አይሸጥም። ዶሜይኑን መቀየር እንዳሰበው ቀላል አልሆነለትም። ምላሽ 2ን የጻፈው ሰው ብቅ ብሎ አትነካካ ብዬህ ነበር አለ። ምላሽ 30 በቁጣ መለሰለት፤ ያልተነካው ነገር ነው ሠራተኛዋን ለሌላ ሰው ገጽ የዳረጋት። እኔም ብሆን ዝም አልልም ነበር።

ለልጁ የሚጠቅመው ምላሽ 31 ነው። የቆየን አክቲቭ ዳይሬክተሪ ስም ከመቀየር አዲስ ዶሜይን በትክክለኛ ስም አቁሞ ማሽኖቹን በየተራ ማዛወር ይሻላል። እስከዚያው ግን የሚሠራ አለ። በግሩፕ ፖሊሲ (ሴቲንግን ከሰርቨሩ ሆኖ በሁሉም ማሽን ላይ በሚጭነው) የሰፊክስ ዝርዝሩን፣ ማለትም ከአጭር ስም ኋላ የሚቀጠሉትን ጭራዎች፣ በእጅ መወሰን። ሁለተኛውን የውጭ ዲኤንኤስ ከሠራተኞቹ ማሽኖች ላይ ማንሳት። በላፕቶፖቹ ፋየርዎል ላይ ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 445 (የጋራ ፎልደር የሚጠየቅበትን) መዝጋት። የሂሳብ ፕሮግራሙን በአጭር ስም መጥራት ማስቀረት። ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቪፒኤን እንዲከፍት ማድረግ። አንድ ማሳሰቢያም አለው፦ ፖሊሲው አጭር ስሞችን ብቻ ነው የሚገዛው። ላፕቶፑ ዶሜይን ኮንትሮለሩን (አክቲቭ ዳይሬክተሪው ያለበትን ሰርቨር) ሲፈልግ አሁንም አሮጌውን ስም ይጠይቃል። ስለዚህ ማዛወሩ አይቀርም።

የመጨረሻው ምላሽ 32 ነው፤ የራሱን ቢሮ መፈተሽ ለሚፈልግ ሰው። ላፕቶፑን የስልክ ሆትስፖት ላይ አድርጎ «አይፒኮንፊግ ኦል» ማለት፤ የሰፊክስ ዝርዝሩ እዚያ ይወጣል። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ብቻ መኖር ያለበትን የሰርቨር ስም በሙሉ ጽፎ «ኤንኤስሉክአፕ» ማድረግ። «የለም» ካለ ለዛሬ ደህና ነው። የማይታወቅ አይፒ ከመጣ ስሙ የሌላ ሰው ነው። 127.0.53.53 ከመጣ ደግሞ ያ ቁጥር አይካን ሆን ብሎ ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቢሮው ለራሱ የፈጠረው የስም መጨረሻ በዓለም ላይ እውነተኛ ዶሜይን ሊሆን ነው ማለት ነው።